የወጀቡን ጉዳት ከባሕሩ ከፍታ ነጥሎ ማየት ይቁም

ለባሕር ዳርቻ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የቴክኒክ ባለሙያዎች
ግልባጭ፦ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሕዝብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የግንባታ ክልከላ መስመሩ ሳይከለስ እንዲቀጥልና የመሬት መሸርሸር ካሳ ጥያቄያችን እንዲዘጋ የተሰጠውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድንጽፍ ያደረገን መሥሪያ ቤታችሁ በአንድ ጉዳይ ላይ የላከልን ሁለት የማይጣጣም መልስ ነው። ባለፈው የወጀብ ወቅት ባሕሩ የአሸዋ ጉብታውን ቆርጦ ወደ መኖሪያችን ከገባ በኋላ፣ የግንባታ ክልከላ መስመሩ፣ ማለትም ወደ ባሕሩ አልፎ ቤት መሥራት የማይፈቀድበት ወሰን፣ እንደገና እንዲለካ አመልክተን ነበር። የተሰጠን መልስ ጉዳቱ በድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ የደረሰ ስለሆነ መስመሩን መለወጥ አያስፈልግም የሚል ነው። መሬታቸውን ላጡ ቤተሰቦች ካሳ እንዲታሰብ ላቀረብነው ማመልከቻ ደግሞ የመሬት መሸርሸር አዝጋሚ ሂደት ስለሆነ ለድንገተኛ አደጋ ከተመደበው ካሳ አይሸፈንም የሚል መልስ ደረሰን። ያው አንድ ወጀብ፣ በያው አንድ ሌሊት የወሰደው ያው መሬት፣ ዕቅድ ይከለስ ሲባል ድንገተኛ፣ ካሳ ይከፈል ሲባል አዝጋሚ ሆኗል።

እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ወጀቡ ድንገተኛ ነው፤ ወጀቡ የሚነሣበት የባሕር ከፍታ ግን ከዓመት ዓመት በዝግታ እየጨመረ ነው። መሬታችንን የወሰደው የሁለቱ መደመር ሲሆን፣ መሥሪያ ቤታችሁ ሁለቱን ነጣጥሎ በማየቱ ለአንዳቸውም ኃላፊነት ሳይወስድ ቀርቷል።

ስለ ከፍታው የምናውቀው ከግምት የመጣ አይደለም (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የዓለም የባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ይበልጥ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ከ1901 እስከ 1971 በዓመት በአማካይ 1.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ጭማሪ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በየብስ ላይ ያለው በረዶም እየቀለጠ ወደ ባሕር ይገባል። መሬቱ ራሱ በሚሰጥምባቸው አካባቢዎች ደግሞ ነዋሪው የሚያየው ጭማሪ ከዓለም አማካይ ይበልጣል።

ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ በስብሰባችን ላይ «20 ሴንቲ ሜትር አንድ ስንዝር ቢሞላ ነው፤ ስንዝር ውሃ እንዴት ቤት ያፈርሳል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚያን ዕለት ጊዜ አጥሮን ያልጨረስነውን መልስ እዚህ በሙሉ እናቀርበዋለን።

ወጀብ የባሕርን ውሃ የሚያነሣው በሁለት መንገድ ነው። የአየር ግፊት በአንድ ሄክቶፓስካል በቀነሰ ቁጥር የውሃው ገጽ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ነፋሱ ደግሞ ውሃውን ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ እየገፋ ይከምረዋል። የባሕር ሙላት ሰዓት፣ ማለትም ባሕሩ በየዕለቱ ከፍ የሚልበት ሰዓት፣ ከገጠመ ያም ይታከልበታል። የባሕር ጠለል ጭማሪ የሚገባው ከዚህ ሁሉ ድምር ሥር ስለሆነ፣ የዛሬው ወጀብ በጉልበቱ ከአያቶቻችን ዘመን ወጀብ ባይበልጥ እንኳ የሚጀምረው ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ላይ የማዕበሉ ጠባይ አለ። ማዕበል ወደ ዳርቻ ሲቀርብ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ በመሆኑ፣ በዳርቻው ያለው ውሃ በጠለቀ መጠን ትልልቆቹ ማዕበሎች ሳይሰበሩ ይጠጋሉ። የማዕበል ጉልበት የሚያድገው በቁመቱ ካሬ ስለሆነም፣ ቁመቱ በግማሽ የጨመረ ማዕበል ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የመጨረሻው ነገር የሰዓቱ ርዝመት ነው። የአሸዋ ጉብታ መፍረስ የሚጀምረው ከእግሩ ነው፤ እግሩ ሲቦረቦር ላዩ ይናዳል። ቀድሞ ውሃው የጉብታውን እግር የሚነካው በሙላቱ ጫፍ ለአጭር ጊዜ ብቻ ከነበረ፣ ባሕሩ በስንዝር ከፍ ሲል ያው ወጀብ ያንኑ እግር ለብዙ ሰዓታት ይመታዋል።

በስፋት ሲታሰብ ደግሞ ስንዝሩ ስንዝር ሆኖ አይቀርም። አሸዋማ ዳርቻ ተዳፋቱ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ላይ የጨመረው ጥቂት ውሃ ወደ የብስ የሚያስኬደው ርቀት ብዙ ነው። ዴንማርካዊው መሐንዲስ ፐር ብሩን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ አሸዋማ ዳርቻ ባሕሩ ከፍ ካለበት መጠን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ወደ የብስ እንደሚያፈገፍግ በተለምዶ ይገመታል። በዚህ አሠራር አንድ ስንዝር ከ10 እስከ 20 ሜትር መሬት ይሆናል። ስሌቱ ከጎን የሚገባውንና የሚወጣውን አሸዋ ስለማይቆጥር በየትኛውም ዳርቻ እኩል እንደማይሠራ እናውቃለን፣ ባለሙያዎችም ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበታል። እኛ የምንጠቅሰው ነገሩ በሚሊ ሜትር ተጀምሮ በሜትር እንደሚያልቅ ለማሳየት ነው። ይህን ማፈግፈግ በየዓመቱ እኩል እየቆራረሰ የሚፈጽመው የለም። ባሕሩ በዝግታ ያጠራቀመውን ዕዳ ወጀቡ መጥቶ በአንድ ሌሊት ያስከፍላል፤ አዝጋሚውና ድንገተኛው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የሁለቱን ድርሻ ለይቶ ማስላት አይቻልም የሚለውን የመሥሪያ ቤታችሁን አስተያየትም አንቀበልም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ዮርክንና አካባቢዋን ሲመታ ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ደርሷል። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ ከዚህ ውስጥ 8.1 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ የሰው ልጅ ባስከተለው ሙቀት ምክንያት ከጨመረው የባሕር ከፍታ የመጣ ነው፤ ያ ጭማሪ ባይኖር ኖሮ ውሃው የማይደርስባቸው የነበሩ 71,000 ያህል ተጨማሪ ሰዎችም ለጎርፉ ተጋልጠዋል። ሥራው የውሃ ከፍታ መዝገብና የመሬት ከፍታ ካርታ ይጠይቃል። ሁለቱም በመሥሪያ ቤታችሁ እጅ አሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ቅሬታ እንመለስ፤ ከሁሉ በላይ የጎዳንም ይህ ነው። መርማሪዎቻችሁ የመጡት ወጀቡ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ፣ ባሕሩ በረጋበት ወቅት ነበር። በሪፖርታቸውም «ዳርቻው አገግሟል» ብለው ጻፉ። ባዩት ነገር አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በመጡበት ጊዜ ነው። ወጀብ ከዳርቻው የሚያጥበውን አሸዋ በአብዛኛው ትንሽ ራቅ አድርጎ በውሃ ሥር ይከምረዋል፤ በረጋው ወቅት ለስላሳዎቹ ማዕበሎች ያንን አሸዋ ጥቂት በጥቂት ወደ ዳር ይመልሱታል። ስለዚህ ዳርቻው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ጉብታው ግን በማዕበል አይመለስም። ጉብታን የሚሠራው ነፋስ ነው፤ የደረቀውን አሸዋ ሲያነሣ፣ ሥር የሰደዱት ዕፅዋት ሲይዙት፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይፈጅበታል። መርማሪዎቹ የሰፋውን ዳርቻ ለኩ እንጂ የጠፋውን ጉብታ አልለኩም። የሚቀጥለውን ወጀብ የሚያቆመው ግን ጉብታው ነበር።

ባሕሩ ከፍ ሲል የማገገሚያው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። ቀድሞ ጉብታውን ለመንካት ብርቱ ወጀብ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ መካከለኛው ወጀብም ይደርስበታል፤ ስለሆነም የመጀመሪያው ቁስል ሳይሽር ሁለተኛው ይመታል። እኛ በጉብታው ግርጌ ካስማ ተክለን ከወጀቡ በፊትና በኋላ በራሳችን ገመድ ስንለካ ቆይተናል። ከወጀቡ ማግስት ግማሾቹን ካስማዎች አላገኘናቸውም። ልኬቱን ለመርማሪዎቹ ስናሳያቸው በባለሙያ የተሠራ ስላልሆነ በመዝገብ እንደማይያዝ ነገሩን። እንግዲያው በባለሙያ ይለካ፤ በዚያው ሳምንት ይለካ። የውሃ ጉድጓዳቸው ጨው የገባበት፣ የመቃብር ቦታቸው ጠርዝ የተናደባቸው፣ ጀልባ ያሳርፉበት የነበረው ሜዳ ወደ ውሃ የተለወጠባቸው ሰዎች በማዕበሉ ማግስት እዚያው ነበሩ፤ የሚመዘግባቸው ግን አልነበረም።

የክልከላ መስመሩ የተሰመረበት መረጃ ሌላው ቅሬታችን ነው። መስመሩ የቆመው በአሮጌ ካርታ ላይ ባለው የውሃ ጠርዝና «በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ» ይደርሳል ተብሎ በተገመተ የውሃ ከፍታ ላይ ነው። ያ ግምት የተወሰደው ባሕሩ ዝቅ ብሎ ከነበረበት ዘመን መዝገብ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ2021 ሪፖርት እንደሚለው፣ ቀድሞ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይደርስ የነበረው ከፍተኛ የባሕር ውሃ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ባለው ጊዜ የባሕር ከፍታ መለኪያ ካለባቸው ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ለዚህም የወጀቡ ብዛት መጨመር አይጠበቅበትም፤ የሚነሣበት ወለል ከፍ ማለቱ ብቻ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት አሮጌውን መስመር ይዞ አዲስ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ዛሬ ቤት የሚሠራውን ሰው ለነገ አደጋ እየመደበው ነው።

ስለ ግንቡም መናገር አለብን። በዳርቻው አንድ ጫፍ የተሠራው የድንጋይ ግንብ ከኋላው ያለውን ንብረት እስካሁን ጠብቋል፤ ይህን አንክድም። ግን ግንቡ የሚመጣውን ማዕበል መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከፊቱ ያለው አሸዋ እየታጠበ ሄዷል፣ ግንቡ በሚያልቅበት ጎን ያለው የእኛ መሬት ደግሞ ከበፊቱ በከፋ ሁኔታ ተቦርቡሯል። ባሕሩ ከፍ እያለ ሲመጣ በግንብ የታጠረ ዳርቻ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ አጥቶ በውሃና በድንጋይ መካከል ተጨምቆ ይጠፋል። ግንብ ፈጽሞ አይሠራ አንልም፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚደርስበት ሳይጠና አይሠራ ነው የምንለው።

ለግንባታ የሚጫነው አሸዋ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ዳርቻ የሚኖረው ከወንዝና ከባሕር በሚያገኘው አሸዋ ነው፤ ገቢው ሲቋረጥ ባሕሩ ከፍ ባይል እንኳ ይከሳል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ይሞታል። የዓባይ ደለል ለዚህ ምስክር ነው። ከኢትዮጵያ ከፍታዎች እየታጠበ በጥቁር ዓባይና በአትባራ የሚወርደው አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት የግብፅን ዴልታ ሲሠራ ኖሯል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ በኋላ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ፤ አንዱ የዓባይ ቅርንጫፍ ወደ ባሕር በሚገባበት በሮዜታ በኩል ወጣ ብሎ የነበረው መሬትም በሜዲትራኒያን የክረምት ወጀቦች ክፉኛ ተሸረሸረ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2022 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር ጥቅም ላይ ይውላል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱም ቢሆን ከእኛ ጉብታ እንዲጫን ፈቃድ መሰጠቱ፣ መከላከያችንን በመኪና እያስጫኑ መከላከያ የላችሁም እንደማለት ሆኖብናል።

ከጎርፉ በኋላ ለቀረበው የቦይ ሐሳብም ተቃውሟችንን እናስመዘግባለን። የገባው ውሃ ቶሎ እንዲወጣ ጉብታው በአንድ በኩል ይቆረጥ የሚለው ሐሳብ በሴኔጋል ተሞክሯል። በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2003 የወንዝ ሙላት ለማስተንፈስ በወንዙና በባሕሩ መካከል በተዘረጋው ቀጭን የአሸዋ ልሳን ላይ 4 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ባሕሩ ቦዩን እያሰፋ ኪሎ ሜትሮች አደረሰው፤ ልሳኑ ይከልላቸው የነበሩ መንደሮችም ጠፉ።

ካሳን በተመለከተ የሌሎችን ልምድ ማየት ይጠቅማል። በፈረንሳይ አትላንቲክ ዳርቻ፣ በሱላክ ሱር ሜር፣ በ1960ዎቹ ለ ሲኛል የተባለ 78 መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ ሲሠራ ከባሕሩ 200 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ከ2013 ወደ 2014 በተሸጋገረው ክረምት ወጀቦች ጉብታውን እስከ ሕንፃው ደጅ ድረስ ስለቆረጡት ነዋሪዎቹ በጃንዋሪ 2014 እንዲወጡ ታዘዙ፤ ሕንፃው በ2023 ፈረሰ። ባለቤቶቹ የአሸዋ መሸርሸር በካሳው ደንብ ውስጥ አልተካተተም እየተባሉ ለዓመታት ተከራክረው በመጨረሻ ካሳ አግኝተዋል። እኛ ያን ያህል ዓመት መጠበቅ የማንችል ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን አብዛኞቹ ከዚያ መሬት ሌላ ሀብት የላቸውም።

አማራጭ የለም የሚል ካለ ደግሞ አማራጮች በሥራ ላይ ውለው ታይተዋል። ኔዘርላንድስ የዳርቻዋን መስመር በ1990 ወስና፣ በየዓመቱ እየለካች፣ መስመሩ ባፈገፈገበት ቦታ አሸዋ ትመልሳለች፤ በ2011ም በአንድ ቦታ ብቻ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አፍስሳ ነፋስና ማዕበል በዳርቻው ላይ እንዲያከፋፍሉት አድርጋለች። በአሜሪካ የኬፕ ሃትራስ መብራት ቤት በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 450 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ በ1970 የቀረው ርቀት 37 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በ1999 ሕንፃው እንዳለ ተነሥቶ 880 ሜትር ያህል ወደ የብስ ገባ። በዚያው በሰሜን ካሮላይና ዳርቻ፣ በሮዳንቴ፣ ሳይነሡ የቀሩ ከ10 በላይ ቤቶች ከ2020 ወዲህ ወደ ባሕር ወድቀዋል። አሸዋ መመለስ ውድ ነው፣ ቦታ መልቀቅም ያማል። ከመካከላችን ለመልቀቅ ዝግጁ የሆኑ ቤተሰቦች አሉ፤ የሚለምኑት በወጀብ ሌሊት ሕፃን ታቅፈው ሳይሆን አስቀድሞ በተነገራቸው ጊዜና በተዘጋጀላቸው ቦታ እንዲወጡ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሁለቱ የመልስ ደብዳቤዎች ተሰርዘው ጉዳታችን የባሕር ከፍታ መጨመርና የወጀብ ጥምር ውጤት ተብሎ በአንድ መዝገብ እንዲታይ፤ የካሳ ጥያቄውም በዚሁ መሠረት እንደገና እንዲከፈት።

የግንባታ ክልከላ መስመሩ በዛሬው የባሕር ከፍታና አንድ ቤት ሊያገለግል በሚችልበት ዘመን ውስጥ በሚጠበቀው ጭማሪ እንደገና እንዲለካ፤ ልኬቱ እስኪያልቅም በአሮጌው መስመር አዲስ ፈቃድ እንዳይሰጥ።

ከእያንዳንዱ ብርቱ ወጀብ በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ የጉብታው ቁመት፣ የግርጌው ቦታና የዳርቻው ስፋት በባለሙያ እንዲለካ፤ ውጤቱ ለነዋሪው በጽሑፍ እንዲሰጥና የእኛም የካስማ ልኬት ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ።

ከጉብታው አሸዋ የመጫን ፈቃድ ዛሬውኑ እንዲቆም፣ የተነቀሉት ዕፅዋት እንዲተከሉ፣ የቦዩ ሐሳብም እንዲተው።

ግንቡ በጎረቤት መሬት ላይ ያደረሰው ጉዳት ተጠንቶ ውጤቱ ይፋ እንዲሆንና ሳይጠና እንዳይራዘም።

ለመልቀቅ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ምትክ ቦታና የጊዜ ሰሌዳ ከሚቀጥለው የወጀብ ወቅት በፊት እንዲገለጽ።

መልሳችሁን በአንድ ደብዳቤ፣ በ30 ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን። ባለሙያዎቻችሁ ለመምጣት ከወሰኑ በሙላቱ ሰዓት እንዲመጡ እንጠይቃለን፤ ካስማዎቹ ያሉበትንና የነበሩበትን ቦታ እናሳያቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
የኮሚቴው ጸሐፊ፣
በዳርቻው ልኬት የተሳተፉ ዓሣ አጥማጆች ተወካይ